የማይሰነጠቅ ጭቃ

በኢቴን ከተማ፣ ከመግቢያው በር እስከ ገደሉ ጫፍ፣ እንደኔ ያለ ፊት ያለው ሰው የለም። ቆንጆ ነኝ ማለቴ አይደለም። ቆንጆም ነኝ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፊቴ አይነቃነቅም ማለቴ ነው። እሾህ ቢወጋኝ፣ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉኝ፣ ኮች ቶሮይቲች በሰው ፊት "አንቺ አህያ" ብሎ ቢጮህብኝ፣ ቅንድቤ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። እኔ ነኝ ያለች ትምጣና ትሞክረኝ።

ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ወንድሞቻችን ሲገረዙ ፊታቸውን ጭቃ ይቀባሉ። ጭቃው ይደርቃል። ቢላዋው ሲያርፍ ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ጭቃውን ነው። አንዲት ስንጥቅ ከታየች ልጁ እስኪሞት ፈሪ ነው፤ ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድም ስንጥቋ ቀድማው ትደርሳለች። እኛ የሯጮች ካምፕ ሴቶች ደግሞ የራሳችንን ጨዋታ አወጣን። ከረጅሙ ሩጫ ስንመለስ ከመንገዱ ቀይ ጭቃ አንስተን ፊታችን ላይ እንለጥፋለን፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እናደርቀዋለን፣ ከዚያ አንዷ የሌላዋን ጭን በጥፍሯ ትቆነጥጣለች። ጭቃዋ የተሰነጠቀባት የሁላችንንም ካልሲ ታጥባለች፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውንም፣ እሷው ታማስላለች።

እኔ ያን ጊዜ በዚያ ካምፕ ካልሲ አጥቤ አላውቅም ነበር።

የምታጥበው ቼሳንግ ነበረች። ቼሳንግ የአልጋ ጎረቤቴ ናት፤ በሩጫ እኩያዬ ናት፣ አንድ ቀን እኔ እቀድማለሁ፣ አንድ ቀን እሷ። በጭቃው ግን ገና እጄን ሳነሳ ዓይኗ እንባ ይሞላል። "ጄማዮ፣ በማርያም፣ ቀስ በይ" ስትል ጭቃዋ ከአፏ ጀምሮ እስከ ጆሮዋ ይተረተራል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። እሷ ካልሲውን ይዛ ወደ ቧንቧው ትሄዳለች።

የዚያን ዓመት ሁለታችንም አንድ ቦታ ታመምን፣ ብሽሽታችን ውስጥ። ከወንበር ስንነሳ ቀጭ ይላል፣ ዳገት ስንወጣ ይወጋል፣ ተኝተን ስንገላበጥ ያነቃናል። ክፉ ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም ኮች ከሁለታችን አንዷን ወደ ጣሊያን ሊልክ ነው። በአፈሩ ትራክ ላይ ማጣሪያ ይደረጋል፣ ያሸነፈች በአውሮፕላን ትሄዳለች። እኔ አውሮፕላን የማውቀው ከታች ሆዱን ነው። እናቴ ወሬውን እንደሰማች ቅሏን አጥናለች፣ ስመለስ የምጠጣውን ወተት ልታረጋልኝ። ከውጭ አሸንፎ የመጣ ሯጭ መጀመሪያ የሚቀምሰው ይህን የረጋ ወተት፣ ሙርሲክን ነው፤ የእናቴን ሙርሲክ የሚያህል ደግሞ በአገሩ የለም። ያን ቅል በሰው ሁሉ ፊት አንስቼ ለመጠጣት እግርሽን አምጪ ቢሉኝ አንዱን እሰጥ ነበር።

ወደዚያ የሚወስደን ጣሊያናዊ ማኔጀር ግን አንድ ነገር አለ። ባለፈው የወሰዳት ልጅ እዚያ ሄዳ መሀል መንገድ ላይ ስለወደቀችበት፣ ሐኪም ሳያያት የምትሮጥ የለም። ኮች ሁለታችንንም ማታቱ የምንለው ሚኒባስ ላይ ጭኖ ወደ ኤልዶሬት ሆስፒታል ወሰደን።

ማታቱው በየጉድጓዱ ሲዘል ቼሳንግ "አይ፣ አይ" ትላለች።

"ዝም በይ እንጂ፣ ሰው ጥሩምባ ነው ብሎ መንገድ ይለቅልናል" አልኳት።

"አንቺን አያምሽም?"

"እኔን? እኔ የመጣሁት አንቺን ልሸኝ ነው።"

ኮች ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ሳቀ። "ይቺ ልጅ ከድንጋይ ነው የተወለደችው" አለ። ያን ቀን ሙሉ ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ ሳገላብጣት ዋልኩ።

ሐኪሟ ዶክተር ንጄሪ ትባላለች። የኛ አገር ሰው አይደለችም፣ ከኒዬሪ በኩል ነች፤ እዚያ ሰው ሲያመው ይጮኻል አሉ። አልጋዎቹ ጎን ለጎን ናቸው፣ መሀላቸው መጋረጃ አለ፣ ግን ማንም አልዘጋውም። ኮች ውጭ ቀረ። ዶክተሯ አስቀመጠችንና በጡጫዋና በመዳፏ እያሳየች ነገረችን።

"የጭናችሁ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ነው። ዳሌያችሁ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። በጎድጓዳው አፍ ዙሪያ፣ የግፊት ድስት ክዳን ላይ እንዳለችው ላስቲክ፣ ልስልስ ቀለበት አለ። የእናንተ የተቀደደው እሱ ይመስለኛል። ሁለት መንገድ አለኝ፣ መርፌና ኦፕራሲዮን።"

"መርፌውን ይስጡን" አልኩ።

"ቆይ እንጂ! መርፌው እብጠቱን ያበርዳል፣ ሕመሙን ያስተኛል። አንዳንዱ ሰው በእሱና በእንቅስቃሴ ብቻ ይሻለዋል። የተቀደደውን ግን አይሰፋም። ኦፕራሲዮኑ ይሰፋል፤ ግን መጀመሪያ ክራንች ነው፣ ከዚያም ወራት፣ የዘንድሮ ሩጫም አበቃ። ደግሞ ስፌት ሁሉ ይይዛል ብዬ አልምልላችሁም።"

"ማናችን የትኛውን?" አለች ቼሳንግ፣ ከአሁኑ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ።

"እሱን የሚነግረኝ እግራችሁ ነው። አጥፌ አዞረዋለሁ፣ ሲያማችሁ ንገሩኝ። ከዚያ ማደንዘዣ ያለበት መርፌ መገጣጠሚያው ውስጥ እሰጣችሁና መልሼ አጥፋለሁ። ቀላል ነው፣ መዋሸት ብቻ የለም።"

ቼሳንግ ቀድማ ተኛች። ዶክተሯ ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጥፋ ወደ ውስጥ ስታዞረው ቼሳንግ ኡኡ አለች። ጩኸት ነው የምላችሁ! የዶክተሯን እጅጌ ይዛ ጎተተች፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ኮች በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ፣ መንገድ ላይ ያለ ሞተረኛ ሁሉ ቆሞ ያዳመጠ ይመስለኛል። እኔ በሳቅ ከወንበሬ ልወድቅ ደረስኩ።

"አምቡላንስ!" አልኳት። "ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ አምቡላንስ ነው!"

ዶክተሯ በዓይኗ ገረፈችኝ። መርፌውን በማሽን እያየች ሰጠቻት፣ ጥቂት ጠበቀች፣ እግሯን መልሳ አጠፈች። ቼሳንግ በዚህ ጊዜ አፏን ከፍታ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። "የለም! ሄደ! ዶክተር፣ ሄደ እኮ!"

"ሄደ ሳይሆን ተኛ ነው" አለች ዶክተሯ። "በፊት አሞሽ አሁን ከተወሽ፣ ሕመሙ ከመገጣጠሚያው ውስጥ ነው ማለት ነው። ያስነሳኋችሁ የዳሌ ፎቶም ያንኑ ይላል። አንቺን መስፋት ነው ያለብኝ።"

ቼሳንግ እንደገና አለቀሰች፣ አሁን ለጣሊያን። እኔ ልቤ በደስታ ዘለለ። አንዷ ወጣች!

ተራዬ ደረሰ። ተኛሁ። ፊቴ ላይ ጭቃ እንዳለ አሰብኩ፤ ቀይ፣ የደረቀ፣ ወፍራም። ዶክተሯ ጉልበቴን አጠፈችው። ከዚያ ወደ ውስጥ አዞረችው። እናቴ ትሙት፣ ብሽሽቴ ውስጥ አንድ ሰው የጋለ ማንኪያ ከትቶ የሚያማስል መሰለኝ። ጣሪያው ላይ አንዲት የእሳት ራት ከመብራቱ ጋር ትጋጫለች፣ እሷን አየሁ።

"ያማል?"

"አያምም።"

ጨምራ አዞረችው። "እዚህስ?"

"ምንም። ምናልባት ጡንቻዬ ትንሽ ደክሞታል።"

"ያማታል!" አለች ቼሳንግ ከዚያኛው አልጋ ብድግ ብላ። "ዶክተር፣ አይመኗት! ስትተኛ ትራሷን ስትነክስ እሰማታለሁ! ትራሷን ያምጡና ይዩት!"

"አምቡላንስ፣ ሳይረንሽን ዝጊ!" አልኩ። "ቀንታ ነው ዶክተር፣ እሷ ስለቀረች እኔም እንድቀር ነው።"

ዶክተሯ አንዴ ቼሳንግን አየች፤ እንባና ንፍጥ ናት። አንዴ እኔን አየች፤ ፊቴ ነፋስ እንዳልነካው ኩሬ ተኝቷል። እናንተስ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ?

መርፌውን ለእኔም ሰጠችኝ። መድኃኒቱ ሲገባ ዳሌዬ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከስንት ወር በኋላ ሰውነቴ ዝም አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ግን ደስታም ጭቃ ይሰነጥቃል፣ ዋጥኩት።

"አሁንስ?"

"እንደ በፊቱ።"

"እንደ በፊቱ ማለት?"

"ምንም።"

ዶክተሯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። "መርፌው ምስክሬ ነበር" አለች። "ያንቺ ምስክር ዲዳ ሆነብኝ። ፎቶሽ ላይ ቀለበቱ ተቀዷል፣ አልደብቅሽም። ግን ተቀዶባቸው ምንም ሳይሰማቸው የሚሮጡ ብዙ ናቸው። የማክመው ሰውን እንጂ ፎቶን አይደለም፤ ለማያምሽ ነገር ቢላዋ አላነሳብሽም። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ፣ እውነቱን?"

"እውነቱ እሱ ነው።"

"እንግዲያው እረፊ፣ የማሳይሽን እንቅስቃሴ ሥሪ። አደራ፣ መርፌው ውስጥ እብጠት የሚያበርድም አለበት፤ ለጊዜው ቀለል ይልሽና ዳንኩ እንዳትዪ።"

ኮች ውጭ ጠየቀኝ። "ምን አለች?"

"ቢላዋ አያስፈልጋትም አለች።"

"ጎሽ!" አለ። ስለ እረፍቱ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀም። ሰው የማይፈልገውን አይጠይቅም።

ቼሳንግን ሰፏት። በክራንች ተመለሰች። ቤቷ ብትሄድ ይሻላት ነበር፤ ግን ለእንቅስቃሴዋ ኤልዶሬት ስለምትመላለስ ካምፑ ውስጥ ቀረች፣ እኛም መሳቂያ አደረግናት። እኔ ከባሕር ዛፍ ሁለት እንጨት ቆረጥኩና ከኋላዋ እየተንሻፈፍኩ "ዊዩ ዊዩ" እያልኩ ተከተልኳት። ልጆቹ ሻያቸውን በአፍንጫቸው አወጡት። ሌላ ጊዜ ክራንቿን ደብቀንባት ከሽንት ቤት እስከ መኝታ ቤት ግድግዳ ይዛ ስትመጣ አየናት። ሱኩማ ጎመን ትቀነጥስልናለች። ከሰዓት የብስክሌት ካላማዳሪ እግሯ ላይ አስራ ወደ ጎን ትስባለች፣ ትለቃለች፣ ትስባለች፣ ትለቃለች፣ እግሯን እንደታሰረች ዶሮ።

"ስንተኛሽ ነው አምቡላንስ? ጣሊያን ደረስሽ?" እላታለሁ።

እሷ ትስባለች፣ ትለቃለች።

እኔ እሮጣለሁ። በመጀመሪያ እንደ ሚዳቋ ነበርኩ፤ ኮች ሰዓቱን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ቀስ እያለ ግን ማንኪያው ተመልሶ መጣ፣ መጀመሪያ ዳገት ላይ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በኋላ ተቀምጬም። ገበያው ጀርባ አንድ መድኃኒት ሻጭ አለ፣ መርፌ በመጋረጃ ጀርባ የሚወጋ። ማሽን የለው፣ ምን የለው፤ በአውራ ጣቱ ተጫን ተጫን አድርጎ "እዚህ ነው?" ብሎ ይሰካል። ለጥቂት ቀን ይተኛልኛል። ስመለስ ኮች ከየት እንደመጣሁ ያውቃል፣ ጫማውን ማሰር ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩ። "ኮች፣ ምናልባት ይህን ሳምንት ዳገቱን ብተወው" አልኩት።

ፊቴን አየኝ። "ሕመም ያለበት ሰው ያስታውቃል" አለ። "አንቺ ላይ የማየው ስንፍና ነው። ቼሳንግ ቢፈቀድላት ዛሬ ዳገቱን በክራንቿ ትወጣው ነበር።"

ወጣሁት።

በማጣሪያው ቀን ጠዋትም ገበያው ጀርባ ሄጄ ነበር። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማለች፣ ቼሳንግ ክራንቿን አጠገቧ አስቀምጣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በቼሳንግ ቦታ ሌሎቹ የካምፑ ልጆች ተሰለፉ፤ ሽጉጡ ተተኮሰ። ከመጀመሪያው ጀምሮ መራሁ። መጨረሻው ዙር ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ዳሌዬ ውስጥ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ሌላ ሰው የሰማው መሰለኝ። ማንም አልሰማም። ፊቴን አጥብቄ ያዝኩትና ቀጥ ብዬ ገባሁ። አሸነፍኩ!

እናቴ እልል አለች። እኔ መስመሩን አልፌ ቆምኩ። ቀኝ እግሬን ማንሳት አልቻልኩም፤ የእኔ አይደለም፣ የሆነ ሰው እዚያ የተከለው ነው። ኮች እየሮጠ መጣ። ያቅፈኛል ብዬ ነበር።

"ምን ትገተሪያለሽ? ፎቶ ልትነሺ ነው? ማኔጀሩ እያየሽ ነው፣ ዙሪና ተፍታቺ!"

ማኔጀሩን አየሁት። እውነትም ያየኛል፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ። ሁሉም ያየኛል። አፌን ከፍቼ "ኮች፣ ተሰበርኩ" ብል የሚሰማኝ ሁሉ ነበር እዚያ። ከድንጋዩ ላይ ቼሳንግ ብድግ ብላ "ኮች! እግሯን ይዩት እንጂ ፊቷን አይዩ!" ብላ ጮኸች።

"አምቡላንስ!" አሉ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ እኔ እንዳስተማርኳቸው፣ ሳቁም።

ስለዚህ ዞርኩ። አንዱን ዙር በዱብ ዱብ ጨረስኩ፣ ፈገግ እያልኩ። ሁለተኛውን ጀምሬ እናቴ ያለችበት ጋ ስደርስ መሬቱ መጣና ፊቴን መታኝ። ትራኩ ቀይ አፈር ነው፤ ላቤ ላይ ተለጠፈ። ሲያነሱኝ እንኳ አልጮህኩም።

ዶክተር ንጄሪ ፎቶውን መብራቱ ላይ ሰቀለች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

"ቀለበቱ ተበጣጥሷል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሥሩ ያለው የአጥንቱ ሽፋን ተልጧል። መስፋት የሚቻለው ጨርቅ ሲኖር ነው፤ እዚህ ጨርቅ የለም። ወደፊት ዕድሜሽ ሲገፋ ዳሌሽ በብረት ይቀየራል። እስከዚያ ትራመጃለሽ። ሩጫ የሚባል ግን የለም።"

"መርፌስ?"

ያን ጊዜ ዞረች። "ዳሌሽ ላይ የመርፌ ምልክት አይቻለሁ፤ ስንት ጊዜ ነው የተወጋሽው?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"ያን ቀን ብትጮሂ እሰፋሽ ነበር፣ ገባሽ? ልክ እንደ ጓደኛሽ። ከዚያ አልጋ ላይ አንዲት 'አይ' ብቻ ነበር የፈለግኩት። ለምን?"

ስለ ጭቃው ነገርኳት። አልሳቀችም። እጆቿን ታጠበች፣ ያልቆሸሹትን፣ ቆማ ረጅም ጊዜ ታጠበች።

እናቴ ያረጋችው ወተት ለጎረቤት ተከፋፈለ። ጎረቤቶች እንዴት እንደሚጠጡ ልንገራችሁ? እያዘኑ ጠጡ፤ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

ኮች አላባረረኝም፣ ይህን አልክድም። ሯጮቹ ሲያሟሙቁ የሚያወልቁትን ጃኬት የሚሰበስብ ሰው ያስፈልገው ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ዳር፣ ዛፉ ሥር፣ ጃኬት በጃኬት ላይ ክንዴ ላይ ቆልዬ እቆማለሁ። ካልሲም አጥባለሁ። የጭቃውን ጨዋታ አዲሶቹ ልጆች ይጫወቱታል፣ እኔ ዳኛቸው ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ስንጥቅ የሚያይ ዓይን የለም።

ቼሳንግ ክራንቿን ጥላ የሩጫ ጫማ አጠለቀች። መጀመሪያ ተራመደች፣ ከዚያ ዱብ ዱብ አለች፣ ከዚያ ቆመው ሲያዩዋት የነበሩትን ልጆች ሁሉ ከኋላዋ አስከተለች። አሁንም ታለቅሳለች። ትንሽ ሲቆረቁራት ቆማ "ኮች፣ አመመኝ!" ብላ ሰፈር ትረብሻለች፣ ኮችም ያቆማታል። ዓመቱ ሲዞር በአዲሱ ማጣሪያ ቀደመች። ጣሊያን የምትሄደው እሷ ናት። እናቴ ትናንት ቅሉን እንደገና ስታጥን አየኋት። "ለማን ነው?" አላልኳትም።

ዛሬ ጠዋት፣ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻውን ልምምድ ልትሠራ መጣች። ጃኬቷ አዲስ ነው፣ ማኔጀሩ የላከላት። ልጆቹ ሁሉ ከበዋታል። እኔ ዛፉ ሥር ነኝ፣ ጃኬቶቼን ይዤ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን ዝም ማለት ያስተማረኝ የለም።

"እናንተ ልጆች!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ይቺን ጀግና በደንብ እዩዋት። ኤልዶሬት አልጋ ላይ እንደ ፍየል የጮኸችው እሷ ናት። እኔ በዚያው አልጋ ላይ፣ በዚያው ሕመም፣ ቅንድቤ እንኳ አልተነቃነቀችም። ጠይቋት፣ ምስክር ናት!"

ልጆቹ ወደ ቼሳንግ ዞሩ። እሷ ዚፗን ቀስ ብላ ከፈተች፣ እጅጌዋን አወጣች፣ ወደ እኔ መጣችና ጃኬቷን ከሌሎቹ በላይ ክንዴ ላይ ጣለችው።

"እውነቷን ነው፣ አልተነቃነቀችም" አለች። "በይ ቅንድብሽን ላኪያትና ትሩጥልሽ። አንቺ ጃኬቴን ያዢ፣ መሬት እንዳይነካ።"